የእንቁላሉ ክርክርና የአባትሽ ኪኒን

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ 68 ዓመታቸው ሲሆን አዲስ አበባ ይኖራሉ። የዛሬ ዓመት ከስድስት ወር ሃርት አታክ አግኝቷቸው ስቴንት ተደርጎላቸዋል። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን ለኮሌስትሮል የታዘዘላቸውን አቶርቫስታቲንም አስፕሪኑንም አቁመዋል። ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የሚልክላቸው ቪዲዮዎች ‹ኮሌስትሮል የመድኃኒት ነጋዴዎች ፈጠራ ነው› ይላሉ። አሁን እንጀራና ዳቦ ትተው በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅቤ ነው የሚኖሩት። 9 ኪሎ ቀንሰዋል፣ ስኳራቸውም ወርዷል። ኤልዲኤላቸው፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ግን ከ64 ተነስቶ 168 ገብቷል። መድኃኒቱን ሲወስዱ ባታቸውን ያማቸው እንደነበር ለሐኪሙ ነግረውት ‹የዕድሜ ነው› ብሎ አልፏቸዋል። በደወልኩ ቁጥር እንጣላለን። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ትናንት እንቁላል መርዝ ነው ያሉን ሰዎች ዛሬ ብሉ ይላሉ። ማንን ልመን? የመጀመሪያ ልጃቸው።»

ልጄ፣ ወደ እንቁላሉም ወደ ቅቤውም እመለሳለሁ። ከደብዳቤሽ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ግን አንቺ በአንድ ቃል ያለፍሽው አስፕሪን ነው። ስቴንት በልብ የደም ቧንቧ ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን የሽቦ መረብ ነው። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይወዳል፤ አስፕሪኑ የሚሰጠው እዚያ መረብ ላይ እንዳይረጋ ነው። ይህ ከቅቤና ከእንቁላል ክርክር ጋር አይገናኝም። ኮሌስትሮል ከነጭራሹ ውሸት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው እንኳ አስፕሪኑን ለማቆም ምክንያት አይሆነውም። ስለዚህ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ደውዪላቸውና ስቴንቱን ያስገባላቸውን ወይም ሌላ የልብ ሐኪም በዚህ ሳምንት እንዲያዩ አድርጊ። በራሳቸው ፈቃድ እንዳቆሙት በራሳቸው ፈቃድ አይጀምሩት፤ አራት ወር ስለቆየ ሐኪሙ አይቶ ይወስን። እስከዚያው ደረታቸውን ካጨነቃቸው፣ ላብ ካጠመቃቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው ሳይማከሩ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ወንድምሽ ይህን በቃሉ ይያዘው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መጠራጠርሽ አያሳፍርሽ። 31 ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ ያስተማሩኝ ነገር ከእጄ ላይ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

እንቁላሉን እንያዝ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ1968 በሳምንት ከሦስት አስኳል በላይ አትብሉ ብሎ መከረ። ዓለም ሁሉ ያንን ተቀበለ፤ እኛም ትምህርት ቤት ያንኑ ተማርን። ከዚያ የ2015ቱ የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ በቀን 300 ሚሊግራም ኮሌስትሮል የሚለውን ጣሪያ አነሳው። ከ45 ዓመት በላይ ሰው እንቁላሉን በፍርሃት በላ ማለት ነው። ምክንያቱ ሲገባሽ ግን ያን ያህል አያስደነግጥም፦ በደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ጉበታችን ራሱ ነው፤ በአፍ የገባው ኮሌስትሮል በብዙ ሰው ላይ ብዙ አይጨምርም። ይበልጥ የሚጨምረው የሚረጋ ስብ ነው፦ ቅቤ፣ ጮማ፣ ከሸማቾች የምንገዛው የሚረጋው የፓልም ዘይት።

ስኳሩ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1967 ሦስት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአንድ ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ለልብ ሕመም ስቡን ዋና ተጠያቂ የሚያደርግና ስኳሩን የሚያቃልል የጥናቶች ዳሰሳ አወጡ። ከጀርባው የስኳር አምራቾች ድርጅት 6,500 ዶላር ከፍሎ ነበር። ጽሑፉ ላይ ይህ አልተገለጸም። የታወቀው በ2016 ነው፤ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የቆዩ ደብዳቤዎችን ከመዝገብ ቤት አውጥተው ሲያነቡ። ይህንን ወንድምሽ በቪዲዮ አይቶት ከሆነ፣ እውነት ነው፤ እውነት አይደለም ብለሽ አትከራከሪው።

የእኔ ቁስል ግን ማርጋሪኑ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስጀምር ቅቤ ልብ ይገድላል፣ ማርጋሪን ይሻላል ተብዬ ነበር የወጣሁት። እናቴ ቅቤዋን በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በእርድ ራሷ የምታነጥር ሴት ነበረች። እኔ ግን የፋርማሲ ልጅ ነኝ ብዬ በፍስኩም ቀን የጾም ቅቤ እንድትበላ አስገደድኳት። ዓመታት እንዲህ አለፉ። የዚያን ዘመን ማርጋሪን ዘይቱን ለማርጋት ሲባል ትራንስ ፋት የሚባል ስብ ይፈጠርበት ነበር። በ1990 ሜንሲንክና ካታን የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይህ ስብ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ትራንስ ፋት የሚገኝበት ያ ዘይት ከምግብ ውስጥ እንዲወጣ የወሰነው ግን በ2015 ነው። እኔ ጉዳዩን በደንብ የተረዳሁ ቀን እናቴ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺም የነገሩሽን ነው የነገርሽኝ» አለችኝ። ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ለሰጠሁት ሰው ሁሉ ሳልናገረው አስቤዋለሁ።

እንግዲህ የምግብ ሳይንስ ለምን እንዲህ ይዋዥቃል? አንዱን ነገር ልንገርሽ፤ ጿሚ ከሆንሽ ከማንም ቀድሞ ይገባሻል። አንሴል ኪይስ የሚባል የሚኒሶታ ተመራማሪ በ1958 በሰባት አገሮች ሰው ምን እንደሚበላና ልቡ እንዴት እንደሚሆን መከታተል ጀመረ። ከቦታዎቹ አንዷ ቀርጤስ ናት፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ቲቶን የተወባት ደሴት። የደሴቲቱ ሰዎች ልባቸው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ የሚረጋ ስብም ጥቂት እንደሚበሉ ተጻፈ። ቀርጤሶች ግን እንደኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከአመጋገብ ምዝገባዎቹም አንዱ የተካሄደው በዐቢይ ጾም ነበር። አስቢው እንግዲህ፤ አንድ ፈረንጅ ሁዳዴ ላይ ጎንደር መጥቶ «እነዚህ ሰዎች ሥጋና ቅቤ አይነኩም» ብሎ ቢጽፍና ሳይመለስ ቢቀር። የፋሲካ ማግስት ቢመጣ ሌላ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። ኪይስ ሰነፍ ወይም ቀጣፊ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ብዙ የደከመ ሰው ነው፣ ያለው ነገርም ሁሉ አልፈረሰም። የሰውን ምግብ መመዝገብ ግን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሰውን ሃያ ዓመት ቤት ዘግተሽ አንዱን በቅቤ፣ አንዱን በኑግ ዘይት አታኖሪውም። ያለሽ ምርጫ ምን በላህ ብለሽ መጠየቅ ነው። ሰው ይረሳል፣ ያሳምራል። ጮማ የሚያዘወትረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጨሰውና የሚጠጣው እሱ ነው፤ ልቡን የጎዳው የትኛው እንደሆነ ነጥሎ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ስለ እንቁላል፣ ስለ ቡና፣ ስለ ወተት ዛሬ አንድ ነገር ነገ ሌላ ብትሰሚ አይግረምሽ።

ያባትሽ ኪኒን ግን በዚህ መሬት ላይ አልቆመም። የምለምንሽ ይህችን እንድትይዢልኝ ነው።

በ1994 የስካንዲኔቪያ ሐኪሞች አንድ የሙከራ ውጤት አወጡ። 4,444 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እንደ አባትሽ የልብ ሕመም የያዛቸው። ምን በላችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሲምቫስታቲን (እንደ አባትሽ አቶርቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው)፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። የትኛው የትኛውን እንደሚወስድ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቅም። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 256 ሰዎች ሞቱ፤ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182። ልዩነቱ 74 ሰው ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ አመጋገብ፣ የሚያሳምር መልስ የለም፤ መቃብር ይቆጠራል። በገንዘቡ ከተባለ፣ አዎን፣ መድኃኒቱን የሚሸጠው ኩባንያ ነው ወጪውን የቻለው። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ አገር ብዙ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ ወደዚያው አቅጣጫ ነው የሄደው። አባትሽ የሚወስዱት አቶርቫስታቲን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብቱ በ2011 አብቅቶ ማንም የሚያመርተው ርካሽ ኪኒን ሆኗል።

ወንድምሽ «ኮሌስትሮል ራሱ ጥፋተኛ አይደለም» ካለ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። ከሁለት ወላጆቻቸው በወረሱት ችግር ኤልዲኤላቸው ከልክ በላይ ሆኖ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ሳያጨሱ፣ ሳይወፍሩ፣ ስኳር ሳይዛቸው ገና በልጅነታቸው ሃርት አታክ ያገኛቸዋል። ብራውንና ጎልድስቲን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ምክንያቱን አግኝተው በ1985 ኖቤል ተሸለሙበት። በተቃራኒው ደግሞ ኤልዲኤላቸው ዝቅ ብሎ የሚወለዱ አሉ። የዳላስ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ እንዲህ ያለ ውርስ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ በልብ ቧንቧ ሕመም የመያዛቸው ዕድል ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። እነዚህን ሰዎች የመድኃኒት ነጋዴ አልፈጠራቸውም፤ እንዲሁ ተወለዱ። የኪይስን ወረቀት ሁሉ ብንቀድደው ይህ አይቀደድም።

እንዲህም ሆኖ አባትሽ ላይ መፍረድ አልችልም፤ ያ «የዕድሜ ነው» የሚለው መልስ ነው ነገሩን ያበላሸው። አንድ ሰው ባቴን ያመኛል ብሎ መጥቶ በአምስት ደቂቃ ሲሸኝ፣ ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለዚያው ሕመም ሲነግረው፣ ማንን ያምናል? ያዳመጠኝ የሚመስለውን ነው የሚያምነው። እኔም ወረፋ ረዝሞብኝ «ይሄ ኪኒን እንዲህ አያደርግም» ብዬ የሸኘኋቸው ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ተመልሰው አልመጡም። ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ያደርጋል። ስታቲን በአንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ ያሳምማል፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ጡንቻን ክፉኛ ይጎዳል፣ ስኳርንም በመጠኑ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ደብቆ ኪኒን መስጠት ሰውየውን አሳልፎ ለቪዲዮው መስጠት ነው።

ሌላው ግማሽ እውነትም አለ። ለንደን ውስጥ በ2020 ውጤቱ የታተመ አንድ ሙከራ እጅግ ልቤን ነክቶታል። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው 12 ብልቃጥ ተሰጣቸው፤ አራቱ አቶርቫስታቲን፣ አራቱ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን፣ አራቱ ባዶ ብልቃጥ። ወር በወር አንዱን እየወሰዱ ሕመማቸውን በየቀኑ ከመቶ ነጥብ ይሰጡት ነበር። ምንም ባልወሰዱባቸው ወራት አማካዩ 8 ሆነ። በስታቲኑ ወራት 16.3። መድኃኒት በሌለበት ኪኒን ወራትስ? 15.4። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ማንም አላስመሰለም። አብዛኛውን ያመጣው ግን ኪኒን የመዋጡ ስጋት እንጂ በውስጡ ያለው መድኃኒት አልነበረም። ውጤታቸውን ሲያዩ ግማሾቹ መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ የራሳቸውን ሰውነት መዝገብ ነው ያሳዩዋቸው።

አባትሽ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ እኔ እዚህ ተቀምጬ አላውቅም። ለሐኪሙ ግን የሚጠየቅ ነገር አለ፦ የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራ ይደረግላቸው፤ መጠኑ ይቀነስ ወይም በሌላ ስታቲን ይቀየር፤ ጭራሽ ካልተስማማቸው ኢዜቲማይብ የሚባል ሌላ ዓይነት ኪኒን አለ። ስቴንት ላለበት ሰው አሜሪካኖቹ ኤልዲኤሉ ቢያንስ ከ70 በታች፣ አውሮፓውያኑ ከ55 በታች እንዲሆን ይመክራሉ። የእሳቸው 64 የነበረው ኪኒኑ ስለሠራ ነው። 168 የሆነው ደግሞ ኪኒኑ ስለቆመና ቅቤው ስለበዛ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልሽም፤ ብዙ እንድትዪም አልፈልግም። 9 ኪሎ መቀነሳቸው እውነተኛ ድል ነው። ዳቦ፣ ስኳርና ለስላሳ ሲቀር ስኳር ይወርዳል፤ ይህን ማንም ሐኪም አይክድም። «አባዬ፣ ጎበዝ» በያቸው፣ ከልብሽ። የሚለወጠው ጥቂት ነው፦ ከቅቤው ቀነስ፣ ከዓሣው፣ ከአቮካዶው፣ ከጎመኑ፣ ከምስሩ ጨመር። በክትፎው ላይ ግን አትጣዪ። በክትፎውም በኪኒኑም እኩል ከተጣላችሁ ሁለቱንም ትሸነፊያለሽ፤ እኔ ደግሞ በክትፎው ተሸንፈሽ በኪኒኑ እንድታሸንፊ ነው የምፈልገው።

ወንድምሽ ሐኪም ሁሉ ተሳስቶ አንድ ሰው ብቻ ልክ የሆነበት ጊዜ የለም ወይ ብሎ ሊሞግትሽ ይችላል። አለ። እዚህ አገር ጨጓራ ያላመመው ቤተሰብ የለም፤ ብስጭትና በርበሬ ነው ሲሉን ኖረናል። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የጨጓራ ቁስለት መነሻው ባክቴሪያ ነው ሲል ያመነው ጥቂት ነበር። በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ ታመመ፣ ሆዱን በመሣሪያ አሳይቶ ውጤቱን አወጣ። በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ጥርጣሬ እንዲህ ሲሆን አከብረዋለሁ፤ ራሱን ለፈተና አቅርቧልና። ወንድምሽ የሚልከው ሰውዬ ምን ፈተነ? ምን ይሸጣል? ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ዱቄት፣ ቫይታሚን ወይም «ኮርስ» የሚል ካለ እሱንም እንደ መድኃኒት ኩባንያው በጥርጣሬ ዓይን ይየው። የነገር ሚዛን አንድ ይሁን።

እዚያው አውስትራሊያ በ2013 የሕዝቡ ቴሌቪዥን ስታቲንን የሚያጣጥል ፕሮግራም በሁለት ክፍል አስተላለፈ። ተመራማሪዎች የመድኃኒት መዝገብ ሲያዩ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት 60,000 ያህል ሰዎች ስታቲን መውሰድ ቀንሰዋል ወይም አቁመዋል ብለው ገመቱ። ጣቢያው በ2014 ፕሮግራሙን ከድረ ገጹ አነሳው። አዘጋጆቹ ሰው ለመጉዳት እንዳልተነሱ አምናለሁ። ወንድምሽም አባቱን ለመጉዳት አይደለም። እሱም የነገሩትን ነው የነገራቸው። ስለዚህ ስትደውዪ እሱን አትክሰሺው፤ ይልቅ ሥራ ስጪው። አዲስ አበባ ያለው እሱ ነው፤ ሐኪም ቤት ይዟቸው የሚሄደው፣ የባታቸው ሕመም የጀመረበትንና የቆመበትን ቀን በወረቀት የሚጽፈው፣ ሐኪሙ «የዕድሜ ነው» ብሎ ሊያልፍ ሲል «አይ ዶክተር፣ ይመርመርልን» የሚለው እሱ ይሁን። ደፋር ጠያቂ ከሆነ ድፍረቱ እዚያ ክፍል ውስጥ ያስፈልጋል።

ለአባትሽ ደግሞ በሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ ነገር አቅርቢው። «አባዬ፣ ተሳስተዋል» አትበያቸው። «እንቁላሉን ሲከለክሉን የዋሉት ሰዎች ላይ መጠራጠርዎ ልክ ነው። ባትዎን ሲያምዎት ሐኪሙ ስላልሰማዎት እኔም አዝኛለሁ። ሦስት ወር ብቻ ይስጡኝ፤ ሐኪሙ በመረጠው መጠን እንሞክረው፣ ሕመሙን በየቀኑ እንጻፈው፣ ከዚያ ደሙን እንየውና ራስዎ ይወስኑ» በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። መልስ እስኪሰጡ ጠብቂ፤ ቢቆጡም አታቋርጪያቸው።

ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት ከደወልሽ እዚያ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ሐኪም ቤቱም ስላልተዘጋ ወንድምሽ በዚያው ቀን ቀጠሮ ማስያዝ ይችላል። ንግግርሽን በአስፕሪኑ ጀምሪ።